በስልክ የተሰማችው ባቡር

«ይኼን አሻንጉሊት ለጊዜው ጓዳ ላግባው?» አለች ታላቅ እህቱ፣ በአንድ እጇ የብርጭቆ ትሪ ይዛ በሌላው ወደ መደርደሪያው እየተንጠራራች። «ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ምን ይላል?»

«አትንኪያት!»

ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት ለቀስተኞች ሻያቸውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ቀሩ። ጋሽ መቀስ ሚስቱን ከቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ሰፈሩ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ቃል ከአፉ አልወጣም።

«ኧረ ምን አልኩህ ወንድሜ?» እህቱ እጇን ሰበሰበች።

«ትወድቃለች» አለ ዝቅ ብሎ። «ተያት፣ እዚያው ትሁን።»

መደርደሪያው ላይ የቆመችው ከክንድ የማትረዝም የእንፋሎት ባቡር ነበረች። ሆዷ አረንጓዴ የተቀባ መዳብ፣ ጎማዎቿ ቀይ፣ የጭስ መውጫዋ ጥቁር። ለመልክ ብቻ የተሠራች አይደለችም። ውሃ ይሞላባታል፣ ከሥሯ አልኮል ይነድላታል፣ ውሃው ሲፈላ በገዛ እንፋሎቷ ትሄዳለች።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች አንገት ለአንገት ገጠሙ።

«የእሷ ናት አሉ።»

«የማን? የሟቿ?»

«አዎና። ጡረታ ስትወጣ ነው የገዛችው። ልጅ አልወለደች፣ ምን ታድርግ? አንጀቷን በዚህ ስታባብል ነው።»

«እኔን!»

ጋሽ መቀስ ሰማ። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ጆሮ ዙሪያ ሲሠራ የኖረ ሰው ሹክሹክታ አያመልጠውም። ነገሩ ግን አላስከፋውም። ራሱስ ዓመት ሙሉ በሆዱ ሲለው የኖረው ይህንኑ አይደል?

ሚስቱ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። የቆመችው በእንፋሎት የሚሠራው ትልቁ መተኮሻ ላይ ነበር። እርጥቡን አንሶላ ትዘረጋለች፣ ክዳኑን ትጫነዋለች፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይተፋል፤ ደግሞ ሌላ አንሶላ። ክንዶቿ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ በጠባሳ ተዥጎርጉረው ነበር። ቤት ስትገባ ወንበር ላይ ዘፍ ትልና እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ዝም ትላለች። እሱም ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲለፈልፍ ውሎ ስለሚመጣ፣ ለቤቱ የሚተርፈው ወሬ አልነበረም።

ጡረታ የወጣች ቀን ግን በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። አንድ ካርቶን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ና! ና ቶሎ!»

ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ሰዓት ሠሪው ሱቅ መስኮት ላይ ባቡሯን ካየች ሁለት ዓመት እንደሆናት፣ እሷን ለማየት ስትል ብቻ አንድ ፌርማታ ቀድማ እየወረደች ቀሪውን በእግሯ ትመጣ እንደነበረ ያን ዕለት ነው የሰማው። በአውቶቡስ ስትመጣ አንድ ጎረምሳ «ልያዝልዎት እናቴ» ብሏት «ሞቼ ነው!» ብላ መልሳለታለች። ይህን ስትነግረው በራሷ መልስ ትስቃለች።

እጇን ታጠበች፤ ለመብል እንኳ እንዲያ አሳምራ ታጥባ አታውቅም። እሱ የካርቶኑን ገመድ ሊቆርጥላት ሲጠጋ «መቀስህን አርቅልኝ!» አለችው። ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታችው። ባቡሯ ከተጠቀለለችበት ጋዜጣ ውስጥ ስትወጣ በአውራ ጣቷ ጎኗን ዳበሰቻት፣ ጎማዋን አንዴ አሽከረከረች፣ ድምፁን ለመስማት ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ወንበሮቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ሐዲዱን ወለሉ ላይ በክብ ገጣጠመች። ውሃ ሞላች፣ ዘይት ጠብ አደረገች፣ ለኮሰች።

ጠበቁ። መጀመሪያ ትንሽ ሲር አለ። ቀጥሎ ከሆዷ ሥር ጠብታ ወጣ። ሚስቱ በአንድ ጣቷ ነካ ስታደርጋት ባቡሯ አንዴ አነጠሰችና ሄደች።

«እይ! ኧረ እይ! በራሷ እኮ ነው!»

ሚስቱ ተንበርክካ ተከተለቻት። በሐዲዱ ዙሪያ በጉልበቷ እየዳኸች፣ እጇን ጭኗ ላይ እየመታች ሳቀች። ጋሽ መቀስ በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር ያን ሳቅ ሰምቶት አያውቅም። ከሆዷ ግርጌ ተነሥቶ የሚፈነዳ፣ ባለቤቱን ራሷን የሚያስደነግጥ ሳቅ ነበር። ደስ ሊለው በተገባ። ነገር ግን ይህች ሳቋን ያመጣች ዕቃ ‘አንተማ ምን አመጣህላት?’ ያለችው መሰለው። ባዶውን የልጅ ክፍል አስታወሰ።

«ሠላሳ ዓመት እንፋሎት ሲቀቅልሽ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ገዝተሽ ታስገቢያለሽ?» አለ። «ምንጣፉን እንዳታቃጥይ።»

ከዚያም ሄዶ መስኮቱን ከፈተው። እሷ ሰምታም ይሁን ሳትሰማ ጀርባዋን ሰጥታው ተንበርክካ ቀረች።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታስነሳት ነበር። እሱ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አገኘ። የተዘጋ ሱቁን ከፍቶ ይገባና ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጦ መስታወቱን ያያል። ‘ጨርሳለች’ ብሎ ሲገምት ተነሥቶ ይመለሳል።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብራት የሠራችው ጓደኛዋ ከሥራዋ በቀጥታ መጣች። አንሶላ ስትጨምቅ ክንዷ ስለጎለበተ ፈርጣማዋ ይሏታል። አጠገቡ ተቀመጠች። የጎረቤቶቹ ወሬ ከእሷም ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም።

«የልጅ ነገር አይደለም» አለችው ባቡሯን እያየች። «ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ነው። እኔም ጠይቄያት ነበር። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እንፋሎት ሲሠራና ሰው ሲያቃጥል እንጂ ሲጫወት አይቼው አላውቅም› አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ጋሽ መቀስ ወለሉን አየ። እሱ በአንድ ቤት እየኖረ አንድም ቀን «ለምን ወደድሻት?» ብሎ አልጠየቃትም።

ሚስቱ ስትታመም የተኛችው እዚያው የሠራችበት ሆስፒታል ነበር። ሊጠይቃት ሲሄድ የአንሶላዋን ጠርዝ ገልብጣ እያሳየች «ይኼን የተኮሰችው አዲሷ ልጅ ናት፣ ማዕዘኑን ትረሳለች» እያለች ታጫውተው ነበር። አንድ ሰኞ ግን ትንፋሿ እየተቆራረጠ «ዛሬ ቤት ስትገባ አስነሳት» አለችው። «በስልክ አሰማኝ። ድምጿ ናፈቀኝ።»

ያን ዕለት ሱቁን ሳይከፍት ቀጥታ ቤቱ ገባ። ባቡሯን አወረደ። ዘይት ጠብ አደረገ፣ አልኮሉን ሞላ፣ ለኮሰ። ስልኩን በእጁ ይዞ ሲር እስክትል ጠበቀ። ሲር አላለችም። ከሥሯ ያለው አረንጓዴ ቀለም ጠቆረ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተው፣ የጭስ መውጫዋ ዘመም አለና ሐዲዱ ላይ ወደቀ። ውሃ አልሞላባትም ነበር። እሳቱ ባዶ ሆዷን አግኝቶ ብየዳዋን አቀለጠው።

በማግስቱ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ወሰዳት። ሰዓት ሠሪው አገላብጦ አያትና መነጽሩን አወለቀ። «ጋሼ፣ ይህቺ ከእንግዲህ አትድንም። አንዱን ቦታ ልበይድ እሳት ሳስጠጋ ሌላው ይከፈታል።» ቤት መልሷት የጭስ መውጫዋን ቦታው ላይ አስደገፈና መደርደሪያው ላይ አቆማት።

ሚስቱ ስትደውል ምን ይበላት? የስልኩን ገመድ ሲፈታና ሲጠቀልል ቆይቶ፣ ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ጣደ። መፍላት ስትጀምር ስልኩ ጮኸ፤ አንሥቶ ወደ ምድጃው አስጠጋው። በወዲያ በኩል ረጅም ዝምታ ሆነ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች። «ጥሩ ትሄዳለች። ውሃ እንዳትረሳባት ብቻ።»

ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች።

«ያን ቀን አጠገቧ ነበርኩ» አለች ፈርጣማዋ፣ የልቡን ያነበበች ይመስል። «በስልክ ያሰማሃት ቀን። ስልኩን በእጇ ከድና እስክታስል ሳቀች። ‹ማንቆርቆሪያችን ናት!› አለችኝ። ‹ክዳኗ ሲንቀጠቀጥ የማላውቀው መሰለው!›»

ጋሽ መቀስ ቀና አለ። «ሳቀች?»

«ሳቀች።» ፈርጣማዋ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። መቀጠል አልፈለገችም፤ ግን ዓይኑ አላስቀመጣትም። «ኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ‹እሷን አውርዶ ማስነሳት እንኳ ታከተው› አለች።»

ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ተነሥቶ «ያጽናህ» ብሎ ወጣ። ጋሽ መቀስም ተነሣ፣ ባቡሯን ከመደርደሪያው አወረደ፣ ፈርጣማዋ ጭን ላይ አስቀመጠ። የጭስ መውጫዋን ሲነካው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ሆዷን ገልብጦ የጠቆረውን አሳያት።

«አስነሥቻት ነበር እኮ» አለ። «በጠየቀችኝ ቀን። በዚያው ቀን። አቃጠልኳት።»

ፈርጣማዋ የጠቆረውን ቦታ በጣቷ ነካ አደረገች።

«ታዲያ ምነው አልነገርካት?»

«ሲሻላት እነግራታለሁ ብዬ።»

«መቀስ፣ ብትነግራት እኮ እንዴት ትስቅ ነበር! ባልጠፋ ነገር ውሃ ረሳ ብላ ክፍሉን በሙሉ ታስቀው ነበር።» ድምጿ ተሰበረ። ባቡሯን በጥንቃቄ መለሰችለት። «አሁን ለእኔ ብትነግረኝ ምን አደርገዋለሁ? ለማን አደርስልሃለሁ?»

 ትከሻውን ጨበጥ አድርጋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ተበታተነ። እህቱ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። ጋሽ መቀስ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ባቡሯን ጉልበቱ ላይ አደረጋት። አጠገቡ ሰው ያልነካው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። የሆዷን ክዳን ፈታና ጠብ ጠብ እያደረገ ሞላባት።

ውሃው ከላይ ሲገባ ወዲያው ከሥር ይወጣ ጀመር።

«ምንድነው የሚፈሰው?» አለች እህቱ ከጓዳ።

«ምንም።»

ግራ መዳፉን ከባቡሯ ሆድ ሥር አስገባ። መዳፉ ሞላ፣ በጣቶቹ መካከል ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። እሱ ግን በቀኝ እጁ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ እየሞላ፣ በግራው እየተቀበለ ተቀመጠ።