በሩን ክፍት ያገኘው ሰው

አራት ቀን ሙሉ ከአንድ ማሽን ጋር ተጣልቼ ከረምኩ። ማሽኑ ጓዳ ውስጥ ከመደርደሪያው ሥር የተቀመጠ፣ ከአሮጌ ዕቃ ራሴ የገጣጠምኩት ሰርቨር ነው። የውጪውን በር የሚያየው ካሜራ የሚቀዳውን ሁሉ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ማዘርቦርዱ በዕድሜ የእህቴን ትዳር ይበልጣል። የእህቴ ትዳር ፈርሷል፤ እሱ ግን እስከዚያ ሳምንት ድረስ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር።

የሚነሳው ከኋላው በተሰካች፣ ጥፍር በምታክል ፍላሽ ነው። ሲስተሙ ያለው እሷ ላይ ነው፤ ዲስኮቹ የሚይዙት ቀረጻ ብቻ ነው። ይህን ለቤቱ ሰው ሁሉ አስተምሬያለሁ፣ ማስተማር ከተባለ። "ይቺን ፍላሽ የነካ እጁን እቆርጠዋለሁ። ያለሷ ይሄ ማሽን ድንጋይ ነው" ብያቸው ነበር በደህናው ቀን።

ማክሰኞ ዕለት አባባ ከቤት ወጣ። አባባ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ደህና ነው፣ ማስታወሱ ግን ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። እኔ አንዳንድ ቀን ወንድሙ ነኝ፣ አንዳንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛው። በሩን ክፍት አግኝቶ ወጣ፤ ዋናው መንገድ ጋ የእግረኛው ጠርዝ አደናቀፈውና ክንዱ ተሰበረ፣ ግንባሩም ዘጠኝ ቦታ ተሰፋ።

በሩን ክፍት ያገኘሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ለሰርቨሩ የገዛሁትን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ባትሪ፣ ላስቀምጥ በምሳ ሰዓት ብቅ ብዬ ነበር። ዕቃውን ጓዳ አስገባሁ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ወደ ሥራ ልመለስ ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ ጓሮ የአባባን አንሶላ እያሰጡ ነበር። እትዬ የምንላቸው አስታማሚያችንን ነው።

"በሩን ማነው የከፈተው?" አልኩ።

"እኔ እንጃ። ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስገባ ቆልፌዋለሁ" አሉ።

"ቆልፈሽው ነው እንዲህ የሚያዛጋው?" ብዬ በሩን ጓ አድርጌ ዘግቼ ሄድኩ። ያኔ አባባ ውጪ ነበር። አልጋው ላይ የተኛ መስሎኝ በላዩ ላይ ዘጋሁበት።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሴት ያን ቀን አንቺ አልኳቸው፤ ማታም ከሆስፒታል ደውዬ እግራቸው እቤታችን እንዳይደርስ ነገርኳቸው። እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ሊፍት በሩ ካልገጠመ ንቅንቅ አይልም። አሥራ አምስት ዓመት ስለ በር ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬያለሁና በር ከፍቶ የሚሄድ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። "በሩን ክፍት ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" እያልኩ ለሰማውም ላልሰማውም አወራሁ።

እትዬን የላከልን ድርጅት ኃላፊ ደወለችልኝ። "ማስረጃ ካለ ከመዝገብ እንሰርዛቸዋለን፤ ለሌሎቹም ድርጅቶች እናሳውቃለን። ከዚያ በኋላ ይህን ሥራ የትም አያገኙም" አለች። ሌላ መተዳደሪያ እንደሌላቸው አውቃለሁ። "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው" አልኳት። ካሜራው የቀዳውን ላሳያት፣ እትዬን ይዛ ቅዳሜ ከሰዓት እንድትመጣ ተቀጣጠርን።

ረቡዕ ከሆስፒታል ስመለስ ሰርቨሩ ጠፍቷል። አበራሁት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ወጣች፤ የምነሳበት ነገር አጣሁ ነው የምትለው። ከኋላው ብዳስስ ፍላሿ የለችም።

"ፍላሿን ማን ነካት?" ብዬ ጮኽኩ።

እህቴ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች። ማክሰኞ ማታ እኔ ከአባባ ጋር ሆስፒታል ሳድር እሷ ብቻ ነበረች እቤት። "ጓዳውን ስጠርግ ወድቃ ይሆናል" አለች።

"ወድቃ ይሆናል? አባትሽ ደም በደም ሆኖ፣ አንቺ ጓዳ መጥረግ አማረሽ?"

ዝም አለች። እህቴ ማለት ታላቄ ናት፤ በሕይወቷ አንድ ቃል ሳትመልስ አሳልፋ አታውቅም። ባሏን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያባረረች ሴት ናት። ያን ቀን ግን መጥረጊያሽን ይዘሽ ጥፊ ብላትም ዝም፣ ከነቆሻሻው ማስረጃዬን ጣልሽው ብላትም ዝም። ያ ዝምታ ሊነግረኝ የሚገባው ነገር ነበረ። እኔ ግን አፌ ሥራ ላይ ነበር፣ ጆሮዬ የት ይሰማል።

አዲስ ፍላሽ ገዛሁ፣ ስልሳ አራት ጊጋ፤ ሲስተሙን ከላፕቶፔ ጻፍኩበትና ሰካሁ። ሰርቨሩ ፍላሽ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ይመስል ያቺኑ መስመር መለሰልኝ። የፊቱ ቀዳዳ ላይ ሞከርኩ፣ የኋላው ላይ ሞከርኩ። ባዮስ የሚባለው የቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ከፍላሽ ተነሣ ብዬ አዘዝኩት፤ እሺ ብሎ መዘገበ። ሳጠፋና ሳበራው ያዘዝኩትን ሁሉ ረስቶታል። ለካ ቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ሞታለች፤ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ማንነቱን ይረሳል። "እቤታችን የሚረሳ አንድ ይበቃን ነበር" አልኩ ጮክ ብዬ። ወዲያው ባልኩት አፈርኩ፤ አባባ ሐሙስ ዕለት ተመልሶልን ክንዱ ታስሮ ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ባትሪዋን ከወጥ ቤቱ ሚዛን አውጥቼ ተካሁ። አሁን ያስታውሳል፤ ግን አይነሳም። ዓርብ ሦስተኛውን ፍላሽ ገና ከእሽጉ ሳላወጣው በጥርሴ ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። ሦስት የተለያየ ፍላሽ፣ አራት ዓይነት አጻጻፍ። እህቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ፣ "ተወው ይሄን ማሽን። እትዬን ይቅር በላቸውና ይብቃ" አለችኝ።

"ይቅርታ? አንቺ የማን ልጅ ነሽ? የወደቀው እኮ አባትሽ ነው። ፍላሿን የጣልሽው አንሶ ደግሞ ጠበቃ ሆንሽላቸው።"

ይህን ሁሉ ሊያግዘኝ የመጣው ብሎን ይሰማ ነበር። ብሎን ሬድዮ ጠጋኝ ጓደኛዬ ነው፤ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ እንዲህ ወጣለት። እህቴ ስትሄድ ጠብቆ፣ "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው አንተ ነህ። ቦርዱ እምቢ ሲልህ እህትህን ትመታለህ" አለኝ።

"ቦርዱንስ መቼ ተውኩት።"

"ስማ። ይሄ ቦርድ ሲሠራ እንዲህ ያለ ትልቅ ፍላሽ አልተወለደም። ትልቁን ዲስክ ነው ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ አንተ ከፍላሽ ዝርዝር ውስጥ ስትፈልገው እሱ ከዲስኮቹ መሃል ተደብቋል፣ ያውም መጨረሻ ላይ። ትንሽና አሮጌ ስጠው፣ በአሮጌው አጻጻፍ ጻፍለት፣ ከኪቦርዱ ሶኬት ሥር ያለው ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ሰካው። ከዚያ የዲስኮቹን ተራ ክፈትና እሱን ቀዳሚ አድርገው።"

ከኪሱ ቁልፍ መያዣው ላይ የተንጠለጠለች ሁለት ጊጋ ፍላሽ ፈታ። ክዳኗ የለም፣ ጎኗ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ስልሳ አራቱን ትቼ በዚህች ልለምነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብሎን ያለኝን አንድ በአንድ አደረግሁ። አባባ ወንበሩን አስጠግቶ ስክሪኑን ያያል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት ይወዳል። ማብሪያውን ተጫንኩ። ጥቁር። አንድ ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም አለች። አሁንም ያቺን መስመር ካመጣህ በመስኮት ነው የምወረውርህ አልኩት። ከዚያ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፣ ዲስኮቹ አጉረመረሙ፣ ተነሣ። ከወንበሬ ዘልዬ "በላሁሽ" አልኩ፤ እትዬን ነው።

የማክሰኞን ቀረጻ ከፈትኩ። ጠዋት እትዬ ዳቦ በፌስታል ይዘው ገቡ። ቆለፉ። ቁልፉን ካወጡ በኋላ እጀታውን ሁለት ጊዜ ጎትተው ሞከሩት። እሺ፣ ታዲያ በኋላ ከፍተውታል ማለት ነው ብዬ ወደፊት አስኬድኩት። በሩ እንደተዘጋ ነው። ጥላው ብቻ ይዞራል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እንደተዘጋ ነው።

በምሳ ሰዓት በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው ሁለት እጁን ሙሉ ካርቶን ታቅፎ፣ ቁልፉን በጥርሱ ይዞ ገባ። ፊቱ ገና ከሩቁ የተቆጣ ነው። እንደገባ በሩን በተረከዙ ወደ ኋላ መታው፤ ዞሮ አላየም። በሩ ሄዶ መቃኑን ነካና ተመልሶ ወለል አለ።

አቆምኩት። እጄ ማውሱ ላይ ቀረ።

"ይሄ ሰውዬ በሩን ሳይዘጋ ነው የገባው" አለ አባባ።

እጄ ዝም ብሎ ቀረጻውን ለቀቀው። ባዶ በር። ከዚያ አባባ፣ ኮቱን አስተካክሎ ለብሶ፣ በነጠላ ጫማ። በሩ ጋ ቆሞ ግራ ቀኝ አየ፣ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ያ ሰውዬ ከቤት ወጣ፣ በሩን አየ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ጓሮ ጮኸ፣ ጓ አድርጎ ዘጋው።

"ማነው እሱ?" አለ አባባ።

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

እኔን አየ፣ ስክሪኑን አየ። "እንግዲያ ሂድና ዝጋ" አለኝ።

ሳልሰማት እህቴ ከኋላዬ ቆማለች። ከቀሚሷ ኪስ መሐረብ አውጥታ ፈታች፤ ጥፍር የምታክለዋ ፍላሽ ከውስጡ ነበረች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

"ማክሰኞ ማታ አየሁት" አለች። "ያለሷ ድንጋይ ነው ብለህ የለ። ካየኸው አትችለውም ብዬ ነው።"

"እትዬስ?"

"እሳቸውን አላሰብኳቸውም" አለች፤ ውሸት አልጨመረችበትም። "አንተን ብቻ ነው ያሰብኩት። አሁንም ቢሆን ይነቀላል። ማንም አላየም።"

"አባባ አይቷል" አልኳት። ተናደድኩባት። አራት ቀን ስድቤን ጠጥታ ዝም በማለቷ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሺ ነቅዪው ልላት ስለዳዳኝ በራሴ ተናደድኩ። ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል።

በሩ ተንኳኳ።

ሄጄ ከፈትኩ። የድርጅቱ ኃላፊ ፋይል ይዛ ቆማለች። እትዬ ከኋላዋ ናቸው፤ ፊታቸው በአራት ቀን ከስቷል፣ የቤታችንን ቁልፍ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ሳይገቡ ልናገረው አልኩ፤ ከገቡና ከተቀመጡ ወኔዬ እንደሚከዳኝ አውቃለሁ።

"እትዬ፣ በሩን ክፍት ትቼ የገባሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ቆልፈዋል፣ ጎትተውም ሞክረዋል። አሁን አየሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ለኃላፊዋም ደገምኩላት፤ ፋይሉ ላይ የእኔ ስም እንዲጻፍ፣ ለማን ለማን እንደተናገርኩ ዝርዝሩን እንደምሰጣትና አንድ በአንድ እንደማስተባብል ነገርኳት። የእትዬ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ በንዴት።

"እኔ ነኝ ልልህ ነበር የመጣሁት" አሉ።

"ምን?"

"ቆልፌዋለሁ ብዬ ነገርኩህ። ጮህክብኝ። ማታ ደወልክ፣ ጮህክብኝ። እቤቴ ገብቼ አሰብኩ፤ ቆልፌው ይሆን? እጄ ቁልፉን ይዞታል ወይ? በሦስተኛው ቀን ክፍት ትቼው ስገባ ታየኝ። በዓይኔ ታየኝ። ዛሬ ልጆቼን ሰብስቤ፣ አንድ ሽማግሌ ልገድል ነበር ብዬ ነግሬያቸው ነው የመጣሁት።"

ይግቡ አልኳቸው፤ ሥራዎ እንዳለ ነው፣ አባባ ስለ እርስዎ ይጠይቃል አልኳቸው።

ቁልፉን ከጨርቁ ፈተው መዳፌ ላይ አኖሩት። "የሚቆልፍ ፈልግ" አሉና ኃላፊዋን እንሂድ አሏት።

በሩን ይዤ ቆምኩ። እትዬ መንገዱን ዳር ዳሩን ይዘው ይሄዳሉ፣ አንዴም አልዞሩም። ከቤት ውስጥ አባባ ይጣራል። "ዘጋኸው ወይ?" ይላል። "አንተ ሰውዬ፣ ዘጋኸው ወይ?"

ኩርባውን እስኪታጠፉ ድረስ አልዘጋሁትም።