የጀሪፍ አይጥ ቆጣሪዎች

ሙኒያ አምስት ዓመት ሙሉ አይጥ ቆጥራለች። ሥራዋን ሰው ሲጠይቃት «ዩኒቨርሲቲ ነኝ» ብላ ታልፋለች፤ ሐሰት አይደለም፤ ደመወዟ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀኗ የሚያልፈው ግን ጀሪፍ በሚባል የሱዳን መንደር፣ ከዓባይ ዳር ባለው የዐም ይማም፣ የአጎት ይማም፣ ማሳ ላይ ነው። ማሳው ሦስት ፈዳን ነው፤ ከአንድ ሄክታር ጥቂት ይበልጣል። ለከብት የሚታጨድ በርሲም ይበቅልበታል፤ ከበርሲሙ ሥር ደግሞ የሣር አይጥ ይኖራል። የሣር አይጥ እንደ ቤት አይጥ ጨለማ አይጠብቅም። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ይደበቃል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ይወጣል።

ቆጠራው የዶክተር ዐብደልወሃብ ነው። ዶክተሩ የሚያስተምሩት በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ ፍጥረታት እንዴት እንደሚበዙና እንደሚያንሱ፣ ማን ማንን እየበላ እንደሚኖር ነው። የጀሪፍ ገበሬዎች ግን በየዓመቱ የሚጠይቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንድሮ መርዝ እንበትን ወይስ አንበትን? በአንድ ፈዳን ከስልሳ አይጥ በታች ከሆነ ጭልፊቶቹና ድመቶቹ ይበቃሉ። ከስልሳ ካለፈ በመርዝ የተለወሰ ማሽላ ይበተናል።

አይጥን ሁሉ ይዞ መቁጠር አይቻልም። የተቻለውን ያህል በቆርቆሮ ወጥመድ ይይዛሉ፣ ምልክት ያደርጉበታል፣ ይለቁታል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ይይዛሉ። በሁለተኛው ጊዜ ከተያዙት ሲሶው ምልክት ካለው፣ መጀመሪያ የተለቀቁት የማሳው አይጥ ሲሶ ናቸው ማለት ነው። ምልክት ያለው እያነሰ ከሄደ ማሳው በአይጥ ተሞልቷል።

ምልክቱ የሙኒያ ነበር። ከእሷ በፊት ተማሪዎቹ የአይጡን ጠጉር በመቀስ ይቆርጡ ነበር፤ ጠጉሩ ቶሎ እየበቀለ ያደናግራቸዋል። ሙኒያ እናቷ ጎንደሬ፣ አባቷ ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር ሰው ነበሩ፤ የአባቷ እህት ሬሕማ ለሙሽሮች ሂና ቀቢ ናት። ሙኒያ ከአክስቷ ጥቁሩን ሂና አስበጥብጣ አመጣች፤ በክብሪት እንጨት በአይጡ ትከሻ መካከል አንድ መስመር አሰመረች። ሁለት ወር ቆየ።

«ያ ሰላም!» አሉ ዶክተሩ የዚያን ቀን። «በሌላ አገር አይጥ ጆሮው ላይ ብረት ይመታበታል። የኛዎቹ ሙሽሮች ሆኑ!»

ከዚያ ወዲህ ሙኒያ በዶክተሩ ፒካፕ ከፊት ወንበር ትቀመጥ ነበር። ተማሪዎቹ ከኋላ፣ ከወጥመዱ ጋር።

ገሊላ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ፣ ብርዱ ሳይወጣ ነው። ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ በዶክተሩ እህት ቤት ታበስል፣ ታጸዳ ነበር። አንድ ዓርብ ዶክተሩ ለምሳ ሄደው፣ ጠረጴዛ ላይ የተዉትን የቁጥር ሰንጠረዥ ሳህን እንደያዘች ቆማ ስታነብ አገኟት። ለካ አገሯ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምራ አቋርጣ ነው የመጣችው። በሳምንቱ ጀሪፍ ይዘዋት መጡ።

«እንደምን አደሩ? ሙኒያ እርስዎ ነዎት?» አለች ከመኪናው ወርዳ። የወረደችው ከፊት ወንበር ነበር።

«እርስዎ? ሐቦባሽ ነኝ እንዴ?» አለች ሙኒያ። «አንቺ በይኝ፤ ገና ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።»

ሐቦባ በሱዳኖች አያት ማለት እንደሆነ ገሊላ የገባት ዐም ይማም ሲስቁ ነው። ወሎ ተወልደው ጀሪፍ ያረጁ ሰው ናቸው፤ በርሲሙን እያጨዱ ሁሉንም ይሰማሉ።

«አይክፋሽ ልጄ፣» አሏት። «እዚህ አገር ስድቡም ሰላምታ ነው።»

መጀመሪያ ቀን አይጥ ገሊላን ነከሳት። ሙኒያ ጣቷን በሎሚና በውኃ እያጠበችላት ልቧን ቅልል አላት። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ገሊላ ሂና የተቀባ አይጥ በመዳፏ ይዛ፣ ዶክተሩን በተሰባበረ ዐረብኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«ሂናው ባይቆይስ? ምልክቱ ከጠፋ አሮጌውን አይጥ አዲስ ነው ብለን እንቆጥረዋለን። ያኔ አይጡ ከእውነቱ በላይ የበዛ ይመስለናል።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አምስት ዓመት!» አሉ። «አምስት ዓመት ይህን የጠየቀኝ የለም።»

በአምስቱም ዓመት አጠገባቸው የነበረችው ሙኒያ ናት። ወጥመድ አንሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያየችው ሁሉ እሾህ ሆነባት። ዶክተሩ ለገሊላ የሚስሏቸው ክብና ቀስቶች፤ ገሊላ የምትስቀው ሳቅ፣ አፏን በእጇ እየሸፈነች፤ ዶክተሩ ሻያቸውን ግማሽ ጠጥተው ብርጭቆውን እስኪረሱ የሚያወሩላት ወሬ። ይባስ ብሎ ገሊላ ትሑት ነበረች። ጠዋት ቀድማ መጥታ የሙኒያን ወጥመዶች ጭምር በተፈጨ ለውዝና በተምር ትሞላቸዋለች። ክፉ ብትሆን ኖሮ ሙኒያ ጠልታት እፎይ ብላ ትተኛ ነበር።

«የዘንድሮው ቆጠራ የገሊላ ይሁን፣» አሉ ዶክተሩ አንድ ቀን። «ሙኒያ፣ አንቺ አግዣት። ሥራውን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ።»

«ሐድር፣ ዶክተር፣» አለች ሙኒያ፤ እሺ ማለቷ ነው።

አርባ ስምንት አይጥ ይዘው፣ ሂና ቀብተው ለቀቁ። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛው ዙር ደረሰ። ገሊላ የምዕራቡን ረድፍ ወሰደች፣ ሙኒያ የምሥራቁን፤ ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ወጥመድ።

በመጀመሪያው ጠዋት ሙኒያ አራተኛውን ወጥመድ ስትከፍት ባለሂና አይጥ ነበረበት። መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ከበርሲሙ ባሻገር ገሊላ ታንጎራጉራለች። የሙኒያ እጅ ወጥመዱን አዘነበለ፤ አይጡ ዘሎ ሣሩ ውስጥ ገባ። በወረቀቱ ላይ «ባዶ» ብላ ጻፈች።

ያሰበችው ይህን ብቻ ነው፤ ምልክት ያለው ሲያንስ የገሊላ ቁጥር የማይመስል ሆኖ ይወጣል፤ ዶክተሩ ይቆጣሉ፤ «ከመጀመሪያም ለሙኒያ መተው ነበረብኝ» ይላሉ። አንዱን ከለቀቀች በኋላ ሁለተኛው ቀለላት። በሁለት ቀን ስድስት ባለሂና አይጥ ያዘች፤ ስድስቱንም ለቀቀች። ሂና የሌላቸውን ዐሥራ ሁለቱን በትክክል መዘገበች።

ውጤቱን ዶክተሩ ቢሮ ውስጥ ደመሩት። የተያዘው ሠላሳ፣ ባለሂናው ስድስት። አንድ አምስተኛ። ስለዚህ በማሳው ሁለት መቶ አርባ አይጥ አለ፤ በፈዳን ሰማንያ። አምና ሃምሳም አልሞላም ነበር። ሙኒያ የዶክተሩን ፊት እያየች ጠበቀች።

«ብዙ ነው፣» አሉ ዶክተሩ። ወረቀቱን አገላበጡት። «ግማሹን የጻፈችው ሙኒያ ናት፤ ሙኒያ በጻፈችው ደግሞ አልጠራጠርም። ምን ትያለሽ፣ ገሊላ?»

ገሊላ ጥቂት አሰበች። «ያለፈው ክረምት የዓባይ ጎርፍ ደለል ትቶ ነው የሄደው። በርሲሙ ዘንድሮ ወገብ ይደርሳል። ምግቡም መደበቂያውም ሲበዛ፣ መሬቱ የሚሸከመው አይጥም ይበዛል። ጭልፊቱ ደግሞ በወፍራም ሣር ውስጥ አያይም።»

«አየሽ፣ ሙኒያ?» ዶክተሩ ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። «ቁጥር ሲያስደነግጥሽ እንዲህ ነው መጠየቅ!»

ሙኒያ አየች። ገሊላን እንዲያሳፍር የጻፈችው ሐሰት ገሊላን ከፍ አደረጋት፤ ሐሰቱን እውነት ያስመሰለውም የሙኒያ የራሷ መታመን ነው።

ገበሬዎቹ ቁጥሩን ሲሰሙ መርዙ ሰኞ እንዲበተን ወሰኑ። ዐም ይማም ብቻ ተቃወሙ።

«በልጅነቴ በትነን አይተነዋል፣» አሉ። «አይጡ አለቀ፣ ደስ አለን። አይጡን የበላው ጭልፊትና ድመትም አለቀ። አይጥ በወር ይወልዳል፤ ጭልፊት ዓመት ጠብቃ ሁለት ሦስት ጫጩት ነው። በሁለተኛው ዓመት ማሳው አይጥ አበቀለ፣ የሚበላው ግን አልነበረም።»

«ቁጥሩ ይኸው ነው፣ ዐም ይማም፣» አሏቸው ሌሎቹ። «እንግዲህ ከዶክተሩ ሊበልጡ ነው?»

ሙኒያ ጫማዋን እያየች ቆማ ሰማች።

ሰኞ ገና ሳይደርስ፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ገሊላ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ወረቀቶቹን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። በድንገት ሙኒያን ጠራቻት።

«ሙኒያ፣ እይ እስቲ። በኔ በኩል ዐሥራ ስምንት ተይዟል፣ ባለሂናው ስድስት፤ ልክ ሲሶ። ባንቺ በኩል ዐሥራ ሁለት፤ ባለሂና አንድም የለም። አንድ ማሳ ነው እኮ፤ አይጡም ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። እንዴት አንድም አይኖርም?»

ሙኒያ ስድስቱን አንድ በአንድ ስትለቅ ድምሩ ዜሮ እንደሚሆን አላሰበችም ነበር።

«እንጃ፣» አለች።

«ገባኝ!» አለች ገሊላ። «ሂናው ነው። ምሥራቁ በኩል መስኖ ይገባል፤ ውኃ አጥቦት ይሆናል።» ወዲያው ስልኳን አውጥታ ለዶክተሩ ደወለች፤ ሙኒያም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ነገሩን ዘርዝራ ነገረቻቸው።

«መርዙን አስቆማለሁ፤ እንደገና እንቆጥራለን፣» አሉ። «ከእንግዲህ ግን ሂና የለም፤ የጆሮ ብረት ከእንስሳት ሐኪም ጓደኛዬ አገኛለሁ። የሚያሳዝነው ያለፈው ነው። ሂናው የሚለቅ ከሆነ፣ አምስት ዓመት የቆጠርነውን ሁሉ መጣል አለብኝ።»

«የሙኒያ ጥፋት እንዳይመስልዎ፣ ዶክተር፣» አለች ገሊላ። «ቀለም ነው። እሷ ምን ታድርግ?»

ከሁሉም ይህ አቃጠላት። ትከሳት ዘንድ መብት የነበራት ልጅ ትከራከርላታለች። ዝም ካለች ማንም አይጠረጥራትም፤ ነገር ግን ሂናዋ ይጣላል፣ አምስቱ ዓመትም አብሮ ይጣላል፤ የገሊላ ብረት ይገባል። ከተናገረች ሂናዋ ይተርፋል፣ እሷ ግን ሐሰተኛ ናት። ሙኒያ ዝም አለች። ቅዳሜ እስኪደርስ ድረስ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሂናዋ እንዲለቅ ተመኘች። አይጦቹ አሁንም ማሳው ውስጥ ናቸው፤ መስመሩ ካልጠፋ ወጥመድ ውስጥ ገብተው ይመሰክሩባታል።

ቅዳሜ ጠዋት ከምሥራቁ ረድፍ ጀመሩ። ገሊላ የጆሮ ብረቱን በጨርቅ ይዛ ከኋላ ትመጣለች፤ ሙኒያ ቀድማ ትከፍታለች። ሦስተኛው ወጥመድ ከበድ አለ። ሙኒያ በቀዳዳው አየች። በትከሻው መካከል መስመሩ አለ፤ ትናንት የተቀባ ይመስል ጥቁር ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልደበዘዘም።

ገሊላ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃለች። ወጥመዱን ማዘንበል በቂ ነው። ሙኒያ መስመሩን አየችው፤ ቀጥ ያለ፣ የሷ እጅ ያሰመረው። ይህን ነው ነገ ሰው ሁሉ «ይለቃል» የሚለው።

«ገሊላ፣ ነይ።»

ገሊላ ሮጣ መጥታ ተንበረከከች። «ውይ! አልለቀቀም!» ፊቷ በራ። «ሙኒያ፣ ሂናሽ አልለቀቀም እኮ! ዶክተሩ ምን ያህል ደስ—»

«ለቆ አያውቅም።»

«ታዲያ ያኔ ባንቺ በኩል—»

«ስድስት ነበሩ። ለቀቅኋቸው። ባዶ ብዬ ጻፍኩ።»

ገሊላ የጆሮ ብረቱን የያዘውን ጨርቅ ጨበጠችው። «ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

«በኔ?» ገሊላ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ነው እኮ ያገኙኝ። ምኔ ያስቀናል?»

«ከፊት ተቀመጥሽ፣» አለች ሙኒያ። ሲነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሰማች፤ ግን እውነቱ እሱ ነበር።

 የገሊላ ድምፅ ተለወጠ። «ዐም ይማም ለጭልፊቶቹ ሲለምኑ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ለዶክተሩ ማነው የሚነግራቸው? አንቺ ወይስ እኔ?»

«እኔ።»

ሙኒያ እዚያው ቆማ ደውላ ሁሉንም ተናገረች። ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቁት ቁጥሩን ነው።

«ስድስት?»

«ስድስት።»

«ያለፉት ዓመታትስ?»

«ወላሂ፣ ዶክተር፣ አንድም አልነካሁም።»

«ስልኩን ለገሊላ ስጫት።»

ገሊላ ስልኩን ይዛ ወደ መስኖው ዳር ራቅ አለች። ሙኒያ የምትሰማው «እሺ»ዋን ብቻ ነው። ብዙ እሺ አለች። ሙኒያ አሁን እንኳ፣ በዚህ ውርደት መካከል፣ ይህን ያህል የሚያወሩት ምን ይሆን ብላ ቀናች።

ገሊላ ተመልሳ ስልኩን ሰጠቻት። «ስድስቱ ሲጨመሩ የተያዘው ሠላሳ ስድስት ነው፣ ባለሂናው ዐሥራ ሁለት። ሲሶ። መቶ አርባ አራት አይጥ፣ በፈዳን አርባ ስምንት። መርዙ ይቀራል። ሂናውም፣ ያለፉት ዓመታት ቆጠራም ይቆያሉ። ግን ለማረጋገጥ ዛሬ እንደገና እንቆጥራለን።»

«ስለኔስ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ትከፍቻለሽ፤ የምጽፈው እኔ ነኝ።» ገሊላ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። «የቀረውን ራሳቸው ይነግሩሻል።»

ሙኒያ ወረቀቱንና እርሳሱን አስረከበች። ባለሂናውን አይጥ ለቀቁት። ወደሚቀጥለው ወጥመድ ሄዳ አነሣችው፤ ቀላል ነበር። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየች።

«ወጥመድ አራት፣ ባዶ፣» አለች።

ገሊላ አልጻፈችም። መጣች፣ ጎንበስ ብላ ወጥመዱን ራሷ አየችው፣ ከዚያ ጻፈች።