የያርጋል ክሊኒክ ካርዶች

«ዋናው የሥራ ፈቃድ?» አለች ስንቅነሽ፣ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የክሊኒኩን መዘጋት ልትመዘግብ የመጣችው ባለሙያ፣ እስክሪብቶዋን እንደ ጦር አቅንታ።

በነርስነት ተመርቆ እስከ ዳባት «ዶክተር» የሚባለው ያርጋል፣ ፈቃዱን ከነመስተዋቱ ከግድግዳው አውርዶ ሰጣት። ደባርቅ ውስጥ ክሊኒክ የዘጋ ሞልቷል፤ አንዱ ቁልፉን ጥሎ ጠፋ፣ ሌላው ታፔላውን የዶሮ ቤት ክዳን አደረገው። አመልክቶ፣ ማስታወቂያ ለጥፎ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሶ የዘጋ ግን ከሰሜን ተራሮች ወዲህ እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ጥር የአንዲት አሮጊት ደም ሥር ሁለቴ ሳተ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሰው «ዝጋ» ሳይለው ራሱ ሊዘጋ ቆረጠ።

«ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት?»

«ሁለት ካርቶን፣ ከነዝርዝሩ። ጭላዳ ዝንጀሮ ቢሰርቀው እንኳ ዝርዝሩን አንብቦ ይመልሰዋል፣ ልጄ።»

ስንቅነሽ ሳቋን ዋጠች። «ለጤና ጣቢያው የሚተላለፈው የሕሙማን ካርድስ?»

«አንድ ሺህ አራት መቶ! ከደረስጌ እስከ ድብ ባሕር መርፌዬን ያልቀመሰ ቂጥ የለም።»

ካርዶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ወለተ ሐና ገብረ ማርያም፣ ጃናሞራ። ወለተ ሐና ገብረ ማርያም... ጋሼ ያርጋል፣ አምስቱም አንድ ስም ናቸው!»

«የክርስትና ስማቸው ነዋ። የታመመ ሰው ስሙን ሲጠየቅ፣ ቄሱ ለጸሎት የሚጠሩትን ነው የሚናገር። የአባቱንም እንዲያው።»

«መታወቂያቸው ላይ ያለው ሌላ ነው። ጤና ጣቢያው የአንዷን መድኃኒት ለሌላዋ ቢሰጥስ?»

ያርጋል ካርዶቹን ነጠቃት። «ይቺ ባለ ቦቃ በቅሎዋ ናት፤ ስኳርም አለባት። ይቺን የሚያማት የደም ግፊቱ ሳይሆን ባሏ ነው። ለዚችኛዋ አስፕሪን እንዳትሰጧት፤ ደም ያስተፋታል!»

«ይሄ የት ተጽፏል?»

ግንባሩን በጣቱ ነካ። «እዚህ።»

«እሱ ደግሞ በካርቶን አይተላለፍም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የመዝጊያ መልቀቂያውን አልፈርምም።»

ያርጋል ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ዞረ። ነገ ጎንደር፣ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ሻንጣው በር ላይ ቆሟል።

«የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ትርፍ ወንበር አለው?» አለ።

«የነበረው ተሰብሯል።»

«እንግዲያው የራሴን ይዤ እመጣለሁ። ሰዎቼ ሲገቡ በፊታቸው እየለየሁ የመታወቂያ ስማቸውን እጽፋለሁ። አንቺም ፊርማሽን ያን ጊዜ ታመጫለሽ።»

ሻንጣውን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋና ማርከር አነሣ። በሩ ላይ ከተለጠፈው «ተዘግቷል» ሥር፣ «ያርጋል በገበያ ቀን ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ይገኛል» ብሎ ጻፈ። ፊደሉ ተንቀጥቅጧል፤ ከመንገዱ ማዶ ግን ይነበባል።