ዓሣውን የገለበጠው ጃኬት

አዋላጇ ውሃ ትፈራለች። ዕጣዋ ሆኖ ግን የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሐይቅ ዳር ነው፤ ምጥ ከሚይዛቸው ሴቶች ደግሞ ግማሾቹ ከማዶ፣ ደሴቶቹ ላይ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ጥሪ በመጣ ቁጥር ነፍሷን በእጇ ይዛ ጀልባ ትሳፈራለች።

ጀልባውን የሚነዳው ሰው «ዓሣው» ይባላል። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። ማዕበል በበዛበት ቀን እንኳ የጀልባው ጠርዝ ላይ እንደ ቤቱ ሶፋ ተመቻችቶ ያፏጫል። «እኔን ሐይቁ ቢውጠኝ መልሶ ይተፋኛል፤ ጉሮሮው ላይ ነው የምሰነቀረው» ይላል። አዋላጇ ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ከእናቷ እየሰማች ነው ያደገችው።

ጤና ጣቢያው ሁለት የነፍስ አድን ጃኬቶች የገዛው በእሷ ንዝንዝ ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ወሽመጧ ቁርጥ አለ። የጠበቀችው ያንን ወፍራሙን፣ ስፖንጅ የታጨቀበትን ነው። የመጣው አንገት ላይ የሚጠለቅ፣ ከሻርፕ ትንሽ ወፈር ያለ ጥቁር ነገር ሆነ። ውሃ ሲነካው በራሱ ጊዜ ይነፋል ተባለ።

«ይኼ ነው ሰው የሚያድነው?» አለ ዓሣው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ኧረ ሲስተር፣ ይኼማ የሱሪ ማንገቻ ነው!»

በልቧ እሷም እንደዚያው ብላለች። አንዱን ጃኬት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቤቷ ወሰደችውና የገላ መታጠቢያ ገንዳውን ውሃ መሙላት ጀመረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት አናጢው ባሏ ከሳሎን።

«እውነቱን ላናግረው።»

ጣል አደረገችው። ምንም የለም። እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጋሎ ተኛ። «ይኸው! ድሮስ!» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጧ! አለ። ፉጨት ተከተለ። ጥቁሩ ጨርቅ ተቀደደ ስትል ከውስጡ ቢጫ ነገር እየተነፋ፣ እየተነፋ ወጣና ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ያዘው። ወደ ኋላ ስትሸሽ የሳሙናውን ሳህን ደፋችው። ባሏ መዶሻውን እንደያዘ በሩን በርግዶ ገባ።

«ምን ፈነዳ?»

በጣቷ አሳየችው። ኋላ እሷ ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ ወደ ውሃው ተጫነችው፤ ተመለሰ። በሁለት እጇ ተጫነችው፤ ተመለሰ። ባሏም መዶሻውን አስቀምጦ በክንዱ ሙሉ ተደገፈበት። ቢጫው ነገር በጎን ሾልኮ ብቅ አለና ውሃውን ፊቱ ላይ ረጨበት።

«እልኸኛ ነው» አለ ባሏ ፊቱን እየጠረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጃኬቱን የነፋችውን፣ ውስጡ ተበስታ የተገኘችውን ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ አብሮ በመጣው መለዋወጫ ቀየሩ። ባሏ መመሪያውን ጮክ ብሎ ሲያነብ እሷ ታጠብቃለች። ጠርሙሷ ከላላች ወይም ጃኬቱ ላይ ያለው ምልክት ቀይ ካሳየ ጃኬቱ ከተራ ጨርቅ አይሻልም ይላል መመሪያው። ከዚያን ቀን ወዲህ አዋላጇ የሁለቱንም ምልክት አይታ፣ የሁለቱንም ጠርሙስ በጣቷ ሞክራ፣ ዓሣውም ዘለበቱን ቆልፎ ካላየች በቀር ከመሬት ወይ ፍንክች!

«አንቺ ሴት፣ የወለድሽኝ መሰለሽ እንዴ?» ይላታል።

«ባልወልድህም ከሰጠምክ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ቆልፍ!»

እያጉረመረመም ቢሆን ይቆልፋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከደሴት ሲመለሱ ነው ነገሩ የሆነው። ከባድ ምጥ ነበር፤ ልጁ በመቀመጫው መጥቶ ብዙ አስጨንቋት በሰላም ወጥቷል። እሷ ደክሟት ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ነፋሱ እየበረታ ነው። መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩ አንቋረረና ቀጥ አለ።

«የተጣለ መረብ ጠልፎት ነው። አንዴ ነው የማወጣው» አለና ዓሣው ወደ ኋላ ሄዶ በሞተሩ ላይ አጎነበሰ።

ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን አነሳት። የዓሣው ጭንቅላት ከሞተሩ ብረት ጋር ሲጋጭ ድምፁን ሰማችው። ጩኸት የለ፣ መፍጨርጨር የለ፤ እንደ ጆንያ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ብቅ ሲል ጀርባው ነው የታየው። ፊቱ ከውሃው በታች ነው።

አዋላጇ ክው ብላ ቀረች። ገንዳ ውስጥ የሞከረችው የራሷን ጃኬት ነው፤ የእሱን ማንም ሞክሮት አያውቅም። ውሃው ጀርባው ላይ ሄደ፣ መጣ። ምንም የለም። «በል እንጂ» አለች። «በል እንጂ፣ አፈር ስሆን!»

ጧ! አለ።

ቢጫው ከአንገቱ ግራና ቀኝ ፈንድቶ ወጣ። ከዚያ ያየችውን እስከ ዛሬ ስታወራው ድምጿ ይቀንሳል። ልጅ በሆድ ውስጥ ያለ አቀማመጡ ሲቀመጥ፣ አዋላጅ ሁለት መዳፏን በእናቲቱ ሆድ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ታዞረዋለች። ልክ እንደዚያ ነው። የማይታይ መዳፍ የያዘው ይመስል ያ ግዙፍ ሰውዬ በትከሻው ዞረ፣ በጎኑ ዞረ፣ በጀርባው ተንጋለለ። ፊቱ ወደ ሰማይ ሆነ። አፉ ከውሃው በላይ ነው። ሳለ፤ ውሃ ተፋ፤ ተነፈሰ።

ስንቱን ልጅ የመጀመሪያ ትንፋሹን ሲስብ አይታለች። ጎልማሳ ሰው ሲጀምር ግን አይታ አታውቅም። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

ነፋሱ ጀልባዋን ሲያርቅባት ነው የነቃችው። መቅዘፊያውን ይዛ እንደምንም ደረሰችበት፤ የጃኬቱን ማሰሪያ በገመድ ከጀልባዋ ጋር አሰረችው። ልታወጣው ብትሞክር አልቻለችም፤ የበሬ ያህል ነው የሚከብደው። በዚህ መሀል የግራ ትከሻው ዝቅ ዝቅ ሲል አየች። ከጃኬቱ ግራ ጎን ትናንሽ አረፋዎች ይወጣሉ፤ ሲወድቅ የሞተሩ ስለት ሸርክቶታል።

ጃኬቱ ላይ በአፍ የሚነፋ ቱቦ እንዳለ መመሪያው ውስጥ ነበር። ፈልጋ አገኘችው። በሆዷ የጀልባው ጠርዝ ላይ ተኝታ፣ ፊቷ ከፊቱ በስንዝር ርቀት፣ ትነፋ ጀመር። ስትነፋ ትከሻው ይነሳል፤ ትንፋሽ ልትስብ ስታርፍ ይወርዳል። እሷ በጉንጯ ታመጣለች፣ ቀዳዳው ይወስዳል። ዓይኗ ጨለማ ለበሰ፤ ግን አልተወችውም።

ዓሣው ዓይኑን ገለጠ።

«ሲስተር... ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየነፋሁህ።»

ትንሽ አሰበና፣ «ተይው፣ ዋና እችላለሁ እኮ» አለ።

«አንተ ሰው፣ ዝም ብለህ ተንፍስ!»

ሁለት ዓሣ አጥማጆች ቢጫውን ከሩቅ አይተው ደረሱላቸው። መጀመሪያ በርሜል መስሏቸው ነበር። ሦስቱ ተጋግዘው ዓሣውን ጎትተው አወጡት፤ የተሰነጠቀውን ግንባሩንም አዋላጇ ጤና ጣቢያ ገብታ በገዛ እጇ ሰፋችው። 

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት ዓሣው አልጋው ላይ ሆኖ። «ጨለማ ውስጥ እያለሁ አንድ ሰው ማጅራቴን ይዞ ገለበጠኝ። እጁ ተሰምቶኛል። አንቺ ነሽ?»

«እኔማ ጀልባው ላይ ነበርኩ።»

«ማን ነው ታዲያ?»

ወንበሩ ላይ ወደተንጠለጠለው ጃኬት አመለከተችው። ውሃው ገና ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ዓሣው ለረጅም ጊዜ አየው። ሲቀልድ እንጂ ዝም ሲል አይታው ስለማታውቅ፣ ነገሩ የቁስሉ እንዳይሆን ብላ የዓይኑን ብሌን በባትሪ መረመረችው። ደህና ነው። ዝም ብሎ ነው ዝም ያለው።

ሚስቱ እየሮጠች መጣች። አልቅሳ፣ ተሳድባ፣ ደግሞ ስማው ሲወጣላት ጃኬቱን ላየው አለች። አዋላጇ ሽፋኑን ከፍታ አሳየቻት፤ ትንሿ ጠርሙስ ተበስታለች፤ ከሥሯ ባዶ ቦታ አለ።

«እዚህ ጋ የራስ ምታት ክኒን የምታክል ነገር ነበረች» አለቻት። «ውሃ ሲነካት ትሟሟለች። እሷ ስትሟሟ መርፌው ይለቀቅና ጠርሙሱን ይበሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ታዲያ ጃኬቱ፣ እሱ እየሰጠመ መሆኑን በምን አወቀ?»

«አላወቀም እቴ። ረጠበ እንጂ።»

ሴትየዋ ጣቷን ባዶው ቦታ ውስጥ ከተተች። የጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ብቻ ገባ። አውጥታ ጣቷን አየች፤ ከዚያ ባሏን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ከዚያ እንደገና ጣቷን።