ከማሽኑ ክዳን ሥር

ሐሙስ ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ማለዳ ላቀው ከመሮጫ ማሽኑ ላይ ወደቀ፣ ይህ አያከራክርም፣ ቀኝ እጁ ከአንጓው ተሰብሯል፣ ግራ ጉልበቱ ተልጧል፣ ምስክሩ ጀሶው ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የተሰበረ እጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ከቡሬ የመጣው ጠጋኙ ማህዲ ሳሎኑ መሀል ተንበርክኮ ማሽኑን ሊፈትሽ ሲፈታ ያያል፣ ብሎን ይወጣል፣ ብሎን ይቀመጣል፣ የሚያከራክረው ሌላ ነው፣ የሚያከራክረው እናኑ ከጓዳ ሮጣ መጥታ፣ ሶኬቱን ነቅላ፣ ገና ደሙን በቅጡ ሳታይ ከአፏ ያመለጣት ቃል ነው፣ ኪኒኑን ስትተፋ ከርመህ አሁን ልትሞትብኝ ነው!

ስትተፋ።

ሚስቱ ናት፣ አብራው አርጅታለች፣ ብዙ ነገሩን ታውቃለች፣ ይሁን፣ ይህን ግን ልታውቅ አትችልም። የደም ግፊት ኪኒኑን እንደሚተፋ ከእሱ ሌላ በዚህ ምድር የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። አንድ። የንስሐ አባቱ መምሬ ክንፈሚካኤል።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፣ እሱን በአንድ ማለዳ ሁለት ፈረስ ጣለው።

ሳጅን፣ ይላል ማህዲ ራሱን ሳያቀና፣ ይሄን ማሽን ማን ነው ያዞረው? እኔ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቼ ነበር የተከልኩት።

እኔ ነኝ።

ኧረ ሳጅንዬ! ከኋላው የሰው ቁመት ያህል ባዶ ይሁን ብዬ አልነበር? ሰው ቢወድቅ ወለል ላይ ይውደቅ፣ ቡፌ ላይ ምን ያደርጋል አቦ!

ልጁ ልክ ነው። ላቀው ጉልበቱን ከቡሬ እስከ ደምበጫ ባለው አስፋልት ላይ የጨረሰ የትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ጡረታ ወጣ እንጅ ዓይኑ አልወጣም፣ አደጋ ቦታ ሲደርስ ማንን ልሰር አይልም፣ መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ተሽከርካሪውን፣ መጨረሻ ላይ አሽከርካሪውን ያያል፣ አሁንም እንደዚያ ቢያስብ ይቀለዋል፣ ቢያንስ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ፈቀቅ ይልለታል።

መንገዱ። ግንቦት ላይ ማሽኑ ከባሕር ዳር ሲመጣ ማህዲ ወለሉን በመዳፉ እየዳበሰ ሜዳ የሆነውን ቦታ መረጠ፣ በረንዳ ላይ አይሆንም፣ ዝናብ ይነካዋል፣ ምንጣፍ ላይ አይሆንም፣ ሞተሩ አቧራ ይስባል፣ ዲቫይደር ላይ አይሰካም፣ በስታቢላይዘር ብቻ፣ መብራታችንን ያውቁት የለ። ሁሉንም ሰማ። ልጁ ሲሄድ ግን ማሽኑን ወደ መስኮቱ አዞረው፣ ዕድሜ ልኩን መንገድ ሲያይ የኖረ ሰው ግድግዳ እያየ አይራመድም፣ ከመስኮቱ አስፋልቱ ይታያል፣ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ትርፍ የጫነው። ጀርባው ለቡፌው ተሰጠ። አንጓው የተሰበረው የቡፌው ጠርዝ ላይ ነው።

ተሽከርካሪው። እንከን የለበትም።

አሽከርካሪው። እዚህ ላይ ላቀው ወደ መስኮቱ ዞር ይላል። አሽከርካሪው ፍልሰታን የሚጾም፣ ካለፈው ማታ ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሰ፣ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። የጎን መርገጫው ላይ እግሩን አንፈራጦ ቆሞ፣ ቺንጋው በቀስታ መሽከርከር ሲጀምር አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላውን ማስገባት ነበረበት፣ እንደዚያ ነው የተማረው፣ እሱ ግን ሁለት እግሩን ቺንጋው ላይ ተክሎ አስነሳው፣ ፍጥነቱንም ወዲያው ትናንት ካቆመበት ላይ ሰቀለው። ሳሎኑ ዞረ። አስፋልቱ ወደ ላይ ተነሳ።

ቀይዋስ ገመድ? አንዱ ጫፏ ማሽኑ ላይ ነው፣ አንዱ ልብስ ላይ ይቆነጠጣል፣ ሰው ሲወድቅ ትመዘዛለች፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል። እሱ መያዣው ላይ ሰቅሏት ነበር። ስለዚህ እሱ ወደቀ፣ ማሽኑ ቀጠለ፣ ጉልበቱን ላጠው። አንድ የጅጋ ሾፌር ነበረ፣ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶውን በትከሻው አሳልፎ ጭኑ ሥር የሚወትፍ፣ አስሬያለሁ እኮ ሳጅን! ለኔ ነው እንጅ ለራስህ መች አሰርህ፣ ውረድ፣ መንጃ ፈቃድ። ያ ሾፌር አሁን ቢያየው።

መንገድ፣ ተሽከርካሪ፣ አሽከርካሪ። ተጣራ። ከሦስቱ በየትኛውም የመምሬ ስም የለም። ታዲያ ለምን ከእጁ ይልቅ የእሳቸው ነገር ይጠዘጥዘዋል?

ምክንያቱም ነግሯቸዋል። በሰኔ፣ ቅጽሩ ውስጥ ካለው ጽድ ሥር፣ ጠመዝማዛ ሥሩ ላይ ተቀምጠው፣ ለሌላ ሰው የማይነገረውን ነግሯቸዋል። አባቴ፣ ኪኒኑን አልውጠውም። ለምን ልጄ? ለምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አልተናገረም። የጀመረው ሰው ሲተወው አላየማ፣ አብረውት የሠሩት ሁሉ ጀምረው ከነኪኒናቸው ተቀበሩ፣ እሱ ልጓም አይፈልግም። ልጁ ያምሮት ማሽኑን ገዝታ ስትልክ በስልክ ያለችው፣ አባየ፣ ከኪኒኑ ጋር በቀን ትንሽ ትንሽ ከተራመድህበት ግፊቱ ይወርዳል። እሱ ከኪኒኑ ጋር የምትለዋን ጣላት። ማህዲም ጠይቆት ነበር፣ ሳጅን፣ ለመጀመር ሐኪም ፈቅዶልዎታል? ፈቅዷል አለ፣ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ። ሐሳቡ ክረምቱን በላብ ሊያወርደው ነበር፣ መስከረም ሲጠባ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክንዱን ሊዘረጋ፣ ለኪ ሊላት ሲስተሯን፣ ስትደነግጥ ሊነግራት፣ ያለ ኪኒን ነው! ከዚያ ለእናኑም ሊነግር።

እናኑ በየማለዳው ኪኒኑንና ውኃውን ይዛ ማሽኑ አጠገብ ትቆማለች። ከምላሱ ሥር ይከተዋል፣ ይጎነጫል፣ ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከንፈሩን ብቻ ያረጥባል፣ ማሽኑ ላይ ይወጣል፣ መራመድ ይጀምራል፣ እሷ ወደ ጓዳ ስትዞር ኪኒኑን በጣቱ አውጥቶ ከሞተሩ ክዳን ጎን ባለችው ስንጥቅ ይጥለዋል። ስንጥቋ ልክ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ናት። ግቢ ቢጥለው ዶሮ አለ፣ ወለል ላይ መጥረጊያ አለ፣ ስንጥቋ ግን ሁሉን ትቀበላለች፣ ዝም ትላለች።

መምሬም ዝም ያሉ መስሎት ነበር። ያን ቀን ከጽዱ ሥር ቆጣ ብለው፣ መድኃኒት ጾም አይሽር፣ ጸሎት አይሽር፣ ዋጠው! አሉ። ደግሞ፣ ለእናኑ አንተው ንገራት። እኔ የሰማሁት እኔ ዘንድ ይቀበራል፣ እኔ ዘንድ መቀበሩ ግን አንተን ከመቀበር አያድንህም። እሽ አባቴ አለ። አልነገራትም። ትዕግሥታቸው አለቀ ማለት ነው፣ እና ምን አደረጉ፣ ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እናኑና እሳቸው ከቤተልሔሙ ጎን ቆመው በዓይኑ አየ፣ እሷ እጇን እያወራጨች ትናገራለች፣ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ፣ ረጅም ጊዜ። እሑድ ተነጋገሩ፣ ሐሙስ አወቀች። ማስረጃ ማለት ይህ ነው። ከዚህ ባነሰ ስንቱን ሾፌር ፍርድ ቤት አቁሟል።

ኃጢአቱ ቀላል ነው፣ አንዲት ፍሬ ኪኒን። ግን እሷን ያወጣ አፍ ሌላውንስ? የወንድሙን መሬት ነገር፣ በ1992 አንድ ሕፃን የሞተበትን አደጋ፣ ለእናኑ እንኳ ያልነገረውን፣ ሁሉንም ለእኒያ ጆሮዎች ነው የሰጠው። አሁን ጠዋት ሲነሳ ራቁቱን ይመስለዋል።

ሳጅን፣ ይችን ይያዙልኝ፣ ይላል ማህዲ፣ በግራ መዳፉ ብሎን ያስቀምጥለታል፣ በአንድ እጅዎም ቢሆን ረዳት ሆኑልኝ፣ ትራፊክ ፖሊስ ረዳት ሆኖልኝ አያውቅም! ይስቃል። ላቀው አይስቅም።

ትናንት መምሬ መጡ። ከቅዳሴ ወጥተው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ባጃጅ በዚያ ዝናብ እንቢ ብሏቸው በእግራቸው፣ ጭቃው ነጭ ሱሪያቸው ላይ እስከ ጉልበት ነበር፣ አየው፣ እንዳላየ ሆነ። እንዴት ዋልህ ልጄ፣ ወደቀ አሉኝ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። መስቀሉን ዘረጉ። ላቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ኧረ በስመ አብ! አለች እናኑ። አንተ ሰውየ!

መስቀሉ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። በጎጃም ምድር እንኳን የንስሐ ልጅ፣ መንገደኛ ከመስቀል ፊቱን አያዞርም።

ምን አጠፋሁ ልጄ? 

የሚያውቁትን ለምን ይጠይቁኛል መምሬ፣ እኔ እርስዎን አምኜ ነበር፣ የሰጠሁዎትን የት እንዳደረሱት እርስዎ ያውቃሉ። ይፍቱኝ። ሌላ አባት እይዛለሁ።

መምሬ እናኑን አዩ። እሱን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ መለሱት። ጥፋተኛ ሾፌር ይለፈልፋል፣ ፍሬን እንቢ አለኝ፣ ፀሐይ መታኝ፣ ዝም የሚለው ግን ለየት ያለ ነው፣ ላቀው ለአዲስ ፖሊሶች ሁልጊዜ የሚላት አለችው፣ ዝም ያለ ሾፌር ወይ ጥፋቱ የከበደበት ነው ወይ የሌላ ሰው ጥፋት እየሸፈነ ነው። የመጀመሪያውን ያዘ። ሁለተኛው አልታየውም። የሚሸፈን ማን አለና።

እግዚአብሔር ይፍታህ፣ አሉ መምሬ። መስቀሉን ከጋቢያቸው ሥር መለሱት፣ ጥላቸውን አነሱ፣ ወጡ። እናኑ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው፣ ስትመለስ አላናገረችውም፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላናገረችውም። እሷም ታፍር እንደሆነ እንጃ፣ ተባባሪ ናት እኮ።

ክዳኑ ተላቀቀ። አሁን ይመጣል፣ ይላል ላቀው ለራሱ፣ የሁለት ወር ተኩል ኪኒን ይዘረገፋል፣ ይዘርገፍ፣ ምን ይደብቃል ከእንግዲህ፣ ማህዲም ይወቅ፣ ቡሬም ትወቅ፣ የተነገረ ነገር ነው። ደረቱን ነፋ ያደርጋል፣ እንደ እስረኛ። ማህዲ ክዳኑን ያነሳል። ሞተር፣ ሽቦ፣ ጥቂት አቧራ። ኪኒን አለ፣ አዎ፣ ነጫጭ፣ ላብ የነካቸው፣ አንድ ላይ የተጣበቁ። ግን ጥቂት ናቸው።

የአደጋ ቦታ ያየ ዓይን ነው፣ መሆን የሚገባውን ከሆነው ጋር ሳያስበው ያስተያያል። እፍኝ መሙላት ነበረበት። ይህ የመዳፍ ጉድጓድ አይሞላም።

እነዚህ ብቻ ናቸው? ይላል ላቀው።

ሳጅን! አሁንም አልተዉትም እንዴ? ማህዲ ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይስቃል፣ እኔ እኮ መጀመሪያ ጊዜ አይጥ ያጠራቀመው መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ጊዜ መቼ ነው?

ሐምሌ ነዋ፣ ዘይት ልቀባው የመጣሁ ጊዜ፣ እርስዎ አዴት ለቅሶ ሄደው የለ? ክዳኑን ባነሳው ተራራ ነው የኪኒን! እትየ እናኑን ጠራኋቸው፣ መጥተው አዩና ምንም አላሉም፣ ለቀም ለቀም አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ለሳጅን እንዳትነግር ልጄ አሉኝ፣ እኔም ምን አገባኝ ብዬ...

ሐምሌ። ዝናቡ የጠነከረ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ስንት ማለዳ ውኃ ይዛ ቆማለች፣ ስንት ማለዳ ከምላሱ ሥር ሲከት ዓይን ዓይኑን አይታለች፣ ከዚያ ዞር ብላ ወደ ጓዳ። ዞር የምትለው ሥራ ኖሯት አልነበረም።

ቀና ሲል እናኑ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ብርጭቆ አለ። ሰምታለች።

ለምን ዝም አልሽ?

ራስህ ትነግረኛለህ ብየ ነዋ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልሁ። በኋላ ፈራሁ፣ እሑድ መምሬን ያዝኋቸው፣ ለእርስዎ ሳይነግር አይቀርም፣ አንድ ነገር ይበሉኝ አባቴ፣ ባሌ ሊሞትብኝ ነው ብየ እግራቸው ላይ ወደቅሁ ማለት ይቀለኛል።

ምን አሉሽ?

ምን ይሉኛል፣ ተቆጡኝ። የነገረኝ እንዳለም አልነግርሽም፣ እንደሌለም አልነግርሽም፣ ሂጅ ከራሱ ጠይቂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ ብለው ትተውኝ ሄዱ።

ማህዲ መሳቁን ትቷል። ብሎኑ ላቀው መዳፍ ውስጥ ሞቋል። ትናንት እሷ እዚህ ነበረች፣ ከአጠገቡ፣ እሳቸው እሷን አዩ፣ እሱን አዩ፣ አልነገርኋትም ቢሉ የሚነገር ነገር እንዳለ መናገር ይሆን ነበር፣ እሷ ፊት፣ አፋቸውን ከፍተው መለሱት፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፣ መስቀሉ ከከንፈሩ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው፣ ዝም ያለ ሾፌር ወይ ጥፋቱ የከበደበት ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ጥፋት...