የቪንሰንትስ ጥርሶች

በመንደራችን የእጅ ጥበብ ቀን ሰው ሁሉ በእግሩ ከቤት ቤት እየዞረ ሥራ ያያል። እኔም ከእንጨት ጠራቢው ቤት ወጥቼ፣ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር እንደ ልማዳችን ትንሽ ተጨቃጭቄ፣ ከሰዉ ጋር ወደ አጥንት ቤት ወጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ ልቤ እዚያ ነበር። የባሌ የቪንሰንትስ ራስ ቅል ተሥሎ አልቋል ተብያለሁ።

መንደራችን በሐይቁና በገደሉ መሃል የተጣበቀች ስለሆነች ሙታኖቻችን መቃብር የሚይዙት በተራ ነው። ተራቸው ሲያበቃ አፅሙ ይወጣል፤ ራስ ቅሉ ፀሐይ ላይ ነጥቶ፣ ስምና የቅጠል አክሊል ተሥሎበት በአጥንት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከቪንሰንትስ ጎን የኔንም ቦታ አስይዣለሁ።

ሠዓሊው ወንድሜ ኮርቢኒያን ጨርቁን ገለጠው። ቅጠሉ ያምራል፤ ስሙም ያምራል። ዓይኔ ወደ ታች ሲወርድ ግን ክው አልኩ።

«ይሄ የኔ ባል አይደለም!»

«ምን ነካሽ እህቴ? ስሙን አታነቢም?»

«ቪንሰንትስ የፊት ጥርሶቹን መቅዘፊያ አውልቆበት በወጣትነቱ ወላቃ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ይሄ ጥርሱ ሙሉ ነው! ከሞተ በኋላ አበቀለ ልትለኝ ነው?»

የኮርቢኒያን ፊት አመድ መሰለ። «መስቀሎቹ...» አለ። የቪንሰንትስንና አጠገቡ የተቀበረውን የጎረቤታችንን የሊዮፖልድን የብረት መስቀሎች ወርቅ ሊቀባቸው አንድ ላይ ነቅሏቸው ነበር፤ ያኔ ሁለቱም ገና አዲስ መቃብር ነበሩ። ሲመልስ አቀያይሮ ተክሏቸዋል።

ከኋላችን የሊዮፖልድ ሚስት ኦቲሊየ ጮኸች። «ታዲያ እኔ በየእሁዱ እየሄድኩ የምሰድበው ማንን ነው?»

ማንም አልሳቀም። ሊዮፖልድ ሲጠጣ ይደበድባት እንደነበር የማያውቅ የለም።

«አንቺስ?» አለችኝ። «ለኔው ባል ምን ስትይው ከረምሽ?»

መዋሸት አማረኝ። ቪንሰንትስ የአባቴን ጀልባ በቁማር የተበላ ሰው ነው፤ በቁሙ አልማርኩትም። ልቤ የራራለት መቃብሩ ላይ ነው።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ በሰላም ተኛ ነው የምለው።»

ኦቲሊየ ወደ እኔ ተጠጋች። «ማን ፈቀደልሽ? የተደበደብኩት እኔ፣ ይቅር ባይዋ አንቺ?»

እውነቷን ነበር፤ ከጥርሱ ይልቅ ያስደነገጠኝም ይሄ ነው። ክንዴን አፈፍ አድርጋ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየን፣ የሊዮፖልድ ስም ወደተተከለበት መቃብር ጎተተችኝ።

«ቪንሰንትስ፣» አለች ጎንበስ ብላ፣ «ያ ሁሉ እርግማን ያንተ አልነበረም። ማረኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በይ ድገሚው። ይሄኛው ያንቺ ነው። ከኔው ላይ ግን አፍሽን አንሺ። እሱን የምምረው እኔ ነኝ፤ ያውም ከማርኩት።»