ያልተቀበሉት ግጥም

ሸጊቱ ጊታሯን አንግታ ወደ ሠርጉ ዳስ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሙሽራዋን ሳይሆን አባቷን ነበር። አባ ይሻው ከበሩ ጥግ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አቁመው ተቀምጠዋል። ከእብናት ማዶ ካለው ቀያቸው ማን እንዳስመጣቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ደብረ ታቦር ውስጥ እንዲህ ያለ ተንኮል አስቦ የሚያድር አንድ ሰው ነው፤ እሱም የሙሽራዋ አጎት፣ የእህል ነጋዴው አስማማው።

«እንዴት ዋሉ፣ አባዬ?»

«እግዚሃር ይመስገን፤ እንዴት ዋልሽ?» አሉና ጊታሩን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ዳሱ ምሰሶ አዞሩ።

ጊታሩን ከገዛች ጀምሮ እንዲህ ናቸው። አይቆጡም፣ አይጠይቁም፤ ዝም ብለው አያዩትም። በእነ ሸጊቱ ቤት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ወንዱ ማሲንቆ ይመታል፣ ሴቷ ትዘፍናለች። ልጅ ሳለች አንድ ቀን የአባቷን ማሲንቆ ከተሰቀለበት አውርዳ ስትገዘግዝ ተያዘች። አልተመታችም። «ድምፅሽን አሳድጊ፤ እጅሽን ተይው» ተባለች። ድምፅዋ አደገ። እጇ ግን እምቢ አለ።

ከተማ ገብታ ጸጉር ቤት ስትቀጠር ነው ከማስተዋል ጋር የተዋወቀችው። ማስተዋል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ አውሮፓ ተምራ ስትመለስ ከዲግሪዋ ጋር ስዊንግ የሚባል ዳንስ ይዛ መጣች። አንድ ቀን ጸጉሯን እየተሠራች ስልኳ ላይ ሙዚቃ ከፈተች። ከበሮ የለው፣ ዘፋኝ የለው፤ ጊታር ብቻ ነው። አንደኛው ጊታር ላይ ታች እያለ ይሮጣል፣ ሌላኛው ከሥሩ ሆኖ ቹ-ቻ፣ ቹ-ቻ እያለ የከበሮውን ሥራ ይሠራል። ሸጊቱ ማበጠሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጂፕሲ ጃዝ ይሉታል። ሮማ የሚባሉ ሕዝቦች ሙዚቃ ነው። በጋሪ ካገር አገር የሚዞሩ ሰዎች ናቸው፤ ሠርግ ሲኖር ከተሜው ይጠራቸዋል፣ ሲያጫውቱት ይውላሉ፣ በማግሥቱ ከከተማችን ውጡልን ይላቸዋል።»

ሸጊቱ ከት ብላ ሳቀች። «ታዲያ እኛው ነና!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት! ጊታር ገዛች። ጣቶቿ እስኪላጡ ከስልክ እያየች ተማረች። የፕላስቲኩ መምቻ ድምፁ ስላልጣማት ዋንጫ ከሚሠራ ሰው ዘንድ የበሬ ቀንድ ቁራጭ ለምና፣ በሞረድ አለስልሳ የራሷን መምቻ አበጀች። እሑድ ከሰዓት ማስተዋል አንድ አዳራሽ ውስጥ ዳንስ ስታስተምር የምታጫውተው እሷ ሆነች። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተምር፣ መርፌ ሲወጋ፣ ወረቀት ሲያገላብጥ የከረመ ሰው ሁሉ እዚያ መጥቶ ጫማው እስኪቀደድ ይዞራል። ነርሷ ዓይናለምና ቀያሹ ፈንታሁን የተገናኙት እዚያ ነው፤ ሲረጋገጡ ሲሳሳቁ ሰነበቱና ይኸው ሊጋቡ ሆነ።

«ሠርጌ ላይ በስዊንግ ካልደነስኩ አልተዳርኩም» አለቻት ዓይናለም።

«ሞቼ ካልተገኘሁ በቀር አጫውትሻለሁ» ብላ ሸጊቱ ቃል ገባች።

ዓይናለምን አባት ሆኖ ያሳደጋት አስማማው ሲሰማ ቤቱን አናጋው። «የአዝማሪ ልጅ እንደ አዝማሪ ትጫወት! የፈረንጅ ዝላይ ደጄ ላይ አይደረግም!» አለ። ዓይናለም አለቀሰች፣ አኮረፈች፣ እህል አልበላም አለች። በመጨረሻ «እሺ፣ ትጫወት» አለ፤ ፈገግም አለ። የአስማማው እሺታ እንዲህ ማር ማር ሲል መጠርጠር ነበረባቸው።

የምሳው ሳህን ሲነሣ ፈንታሁንና ጓደኞቹ መጥረጊያ ይዘው ተነሡ። ዳሱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፤ ቄጠማ ላይ ስዊንግ መደነስ ደግሞ ወገብን ለወጌሻ ማስረከብ ነው። መሐሉን ጠርገው ቄጠማውን ወደ ዳር ሲገፉት ሽማግሌዎቹ «ሠርግ ሳያልቅ ቤት ይጠረጋል እንዴ?» እያሉ አጉረመረሙ። የድምፅ ማጉያ ያከራየው ልጅ ማይክሮፎኑን ከጊታሩ ፊት አቆመላት። ሸጊቱ በእግሯ መሬቱን መታ መታ አድርጋ ጀመረች።

ቹ-ቻ፣ ቹ-ቻ።

ዓይናለም የቬሎዋን ጭራ ክንዷ ላይ ጠቅልላ ወጣች። ፈንታሁን እጇን ይዞ አሾራት፣ ለቀቃት፣ መልሶ ያዛት። ማስተዋልና የእሑዶቹ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተከተሏቸው። እንግዳው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ አየ። ቀጥሎ አንዲት ወፍራም እናት ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ ቀጥሎ የልጆቹ ጠረጴዛ ማጨብጨብ ጀመረ። ሸጊቱ ደስታው ከጣቷ ተነሥቶ እስከ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

«ተቀበይ!»

አስማማው ብርጭቆውን ይዞ መሐል ገብቷል። ዳንሰኞቹ እንዳይገጩት ቆሙ።

ተቀበል ሲባል አዝማሪ ይቀበላል፤ ወጉ ነው። እንግዳው ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው አንዲት ቃል ሳይጥል በዜማ ይመልሰዋል። ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ በገዛ ራሱም ላይ ቢሆን ይላታል። እምቢ ያለ አዝማሪ ሸጊቱ አይታ አታውቅም። አባቷ የሞተች እናታቸውን የሚሰድብ ግጥም ተቀብለው፣ እየሳቁ ሲዘፍኑ ግን አይታለች። የዚያን ዕለት ቤት ገብተው እህል አልቀመሱም።

አስማማው ጉሮሮውን ጠራረገና ሰጠ፦

«የአዝማሪ ልጅ ሆና እመቤት መሰለች፣
ፍርፋሪያችንን በልታ አይደል ያደገች!»

ከነጋዴዎቹ ጠረጴዛ ሳቅ ፈነዳ። ሸጊቱ ቆሽቷ አረረ። እጇ ግን ቹ-ቻውን አላቋረጠም። ዛሬ አንድ ጊዜ ከተቀበለች ነገ እሑድም ማንም ተነሥቶ ተቀበይ ይላታል። ዓይናለም ደግሞ መሐል ላይ ቆማ፣ ዕንባዋ ሊወርድ ደርሶ፣ እሷን እሷን ታያለች።

«አልቀበልም» አለች።

ቀስ ብላ ነበር ያለችው። ማይክሮፎኑ ግን ፊቷ ተደቅኗል፤ አልቀበልም የሚለው ቃል በሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ወጥቶ ከዳሱ አልፎ እስከ መንገዱ ተሰማ።

«ምን አልሽ?»

«አልቀበልም፣ ጋሼ። ለዓይናለም ዳንሷን ላጫውት ነው የመጣሁት።»

የአስማማው የአንገት ሥር ተገታተረ። «ንቀለው!» ብሎ በማጉያው ልጅ ላይ ጮኸ። ልጁ ሲወላውል ራሱ ሄዶ ገመዱን ከሶኬቱ መነጨቀው።

እንግዲህ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ያየው ጊታር በየመድረኩ ከመብራት ጋር የታሰረውን ነው። ገመዱ ከተነቀለ ጊታር እንጨት ነው ብሎ ያምናል። የሸጊቱ ጊታር ግን የብረት ክሩ ወፍራም፣ ሆዱም ሰፊ ነው፤ ሙዚቃውም ማጉያ ባልነበረበት ዘመን ከዳንሰኛ ኮቴ በላይ እንዲሰማ ተብሎ የተገራ ነው። ማጉያዎቹ ጸጥ ሲሉ፣ እነሱን ለመብለጥ ሲጮህ የዋለው እንግዳም ምን ተፈጠረ ብሎ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቹ-ቻው ብቻውን፣ ጥርት ብሎ ይሄዳል። የፈንታሁን ጫማ ተቀበለው። የዓይናለም ተረከዝ ተከተለ። አንድ ሰው «እሰይ!» አለ።

አስማማው ገመዱን ጨብጦ ዙሪያውን አየና ዓይኑ ከበሩ ጥግ ላይ አረፈ።

«አንተ ሽማግሌ! ልጅህ እምቢ ካለች አንተ ተቀበል! ተነሥ!»

ቀኑን ሙሉ ሽበት ያለበትን ሁሉ እየዞረ አንቱ፣ ጋሼ፣ አባባ ሲል የዋለ ሰው ነው። አዝማሪ ዘንድ ሲደርስ ሽበቱ አይታየውም።

አባ ይሻው ተነሡ። ማሲንቋቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ደጋኑን ሳቡት። ሸጊቱ እንደሚቀበሉ ታውቃለች። በዚህ ሥራ ነው ያሳደጓት፣ በዚህ ሥራ ነው ያስተማሯት፤ ልትፈርድባቸው አልቻለችም፤ አንጀቷ ግን ቆሰለ። ከአስማማው አፍ የወጣውን ስድብ ከአባቷ አፍ ልትሰማው ነው። ቹ-ቻውን አላቆመችም፤ ድምፁን ብቻ ዝቅ አደረገችላቸው።

«የአዝማሪ ልጅ ሆና እመቤት መሰለች…»

ዕድሜ ያልነካው ድምፅ ነው። ማሲንቆው ዜማውን ደገመና የሁለተኛውን ስንኝ ቦታ ከፍቶ ጠበቀ። አባ ይሻው አፋቸውን ከፈቱ። ሸጊቱን አዩአት። ከእሷም ወደ ጊታሩ ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እዚያው ላይ ቆዩ። ከዚያ ደጋኑ ክሩ ላይ ቆመ።

ሰዉ ተያየ። የሰማውን ግጥም የሚዘነጋ አዝማሪ አዝማሪ አይባልም።

«ምነው፣ ረሳኸው እንዴ?» አለ አስማማው እየሳቀ። «ልድገምልህ?»

«አልረሳሁም» አሉ አባ ይሻው።

«ታዲያ በላ!»

«አልረሳሁም፣ ጌታዬ። አልልም።»

ደጋኑን ከክሩ አንሥተው ወደ ጎናቸው አወረዱት። አልተቀመጡም፤ እዚያው በሩ ጥግ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከነጋዴዎቹ ጠረጴዛ የሳቀ የለም።

ሸጊቱ መሬቱን በእግሯ መታችና ቹ-ቻውን ከቅድሙ እጅግ አፈጠነችው። ዓይናለም እልል ብላ ወደ መሐል ገባች፤ ከኋላዋ ማስተዋል፣ ከማስተዋል ኋላ ያቺ ወፍራም እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ። አስማማው የተነቀለ ገመዱን እንደያዘ በዳንሰኛ ተከቦ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ግራ ገብቶት ቆመ። የሸጊቱ ዕንባ ጉንጯን አልፎ ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል። ለመጥረግ እጇን ከክሩ ማንሣት ነበረባት፤ አላነሣችም።